«ሦስት ብቻ ወጣ»፦ ግጥም በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይፈለጋል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የመንዝ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ አማርኛ እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በግጥም ላይ ልሠራ አስቤ ላይብረሪው ኮምፒውተር ላይ ‹ሥነ ግጥም› ብዬ ስፈልግ ሦስት መጽሐፍ ብቻ ወጣ። አንዱ የእንግሊዝኛ ነው። ደግሞ እናቴ ሁልጊዜ የምትላት አንድ ግጥም አለች። የመጀመሪያውን ስንኝ አውቀዋለሁ፣ የማን እንደሆነች ግን አላውቅም። ላይብረሪያኑን ብጠይቀው ‹የደራሲውን ስም አምጪ› አለኝ። የግጥም ክበብም አለን። ላይብረሪ ለእንደኛ ዓይነቱ ምን ያደርጋል? ወይስ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው?»

ልጄ፣ ያለሽበትን ቤተ መጻሕፍት አላየሁትም። ግን ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ በሰሜን ሸዋ መጽሐፍ ስመዘግብ፣ ስደረድርና ሳውስ ኖሬአለሁ። «ሦስት ብቻ ወጣ» የሚለውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ መጽሐፉ አለ። የጎደለው መዝገቡ ነው። ጥፋቱም የእኛ የመዝጋቢዎቹ ነው። ሽፋኑን ላይ ላዩን እናየውና እንመድበዋለን።

አንድ ጊዜ በአንድ ኮሌጅ (ስሙ ይቆየን) የመንግሥቱ ለማን የግጥም መጽሐፍ «የግጥም ጉባኤ»ን ስፈልግ አጣሁት። መዝገቡ አለ ይላል፣ መደርደሪያው የለም ይላል። በመጨረሻ የት ተገኘ? ከዐውደ ጥናት ጥራዞችና ከቃለ ጉባኤዎች መሀል ተሰክቶ። «ጉባኤ» የምትለዋን ቃል ያየ ሰው ስብሰባ መስሎት ወስዶ እዚያ ከተተው። መንግሥቱ ለማ ቢሰሙ ኖሮ አንድ ኮሜዲ ይወጣው ነበር።

እንግዲህ ከኮምፒውተሩ እንጀምር።

አንቺ «ሥነ ግጥም» ብለሽ ጻፍሽ። መዝጋቢው «ስነ ግጥም» ብሎ ከሆነ ግን ማሽኑ ሁለቱን አያገናኛቸውም። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀም እንዲሁ። አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ። በዚያ ላይ «ስነግጥም» ብሎ አጣብቆ የጻፈ አለ። መሀሉ ላይ ሰረዝ ያደረገም አለ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፈልገሽ አትነሺ። አራት አምስት ጊዜ እያቀያየርሽ ሞክሪ።

ብዙ ኮሌጆች ኮሃ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው የሚጠቀሙት። ኒውዚላንድ ውስጥ ነው የተሠራው። ከቃል መጨረሻ ላይ የኮከብ ምልክት ብታደርጊ የቀረውን ራሱ እየሞላ ያወጣልሻል። ይህ ለእንግሊዝኛ ግሩም ነው። ለአማርኛ ግን ወጥመድ አለው። «ግጥም*» ብለሽ ብትጽፊ «ግጥሞች» አይመጣልሽም። ለምን? ም ወደ ሞ ተለውጣለቻ! የእኛ ፊደል ሲበዛ መልኩን ይቀይራል። ስለዚህ «ግጥ*» ብለሽ አሳጥሪው። ከፊት «የ» ያለበትን ደግሞ ለብቻው «የግጥ*» በዪ። ቀጥለሽ «ቅኔ»፣ «ስንኝ»፣ «ሥነ ቃል»፣ «መድብል» እያልሽ ሂጂ። መድበል ብሎ የጻፈም አይጠፋም።

የደራሲ ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እንውሰድ። መጀመሪያዋ ፊደል ጸ ወይም ፀ ልትሆን ትችላለች። የአባታቸው ስም «ገብረ መድኅን»፣ «ገብረመድኅን» ወይም «ገ/መድኅን» ተብሎ ይጻፋል። መሀል ላይ ያለችው ኅ ደግሞ ህም ሕም ትሆናለች። ሁለት በሦስት በሦስት አባዢው፤ 18 ዓይነት አጻጻፍ! ለአንድ ሰው። የድሮ መዝገብ ከሆነ ደግሞ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኮምፒውተሮቻችን አማርኛ አይጽፉም ነበርና። ስለዚህ ገጣሚው ዝነኛ ከሆነ ከስሙ ይልቅ በመጽሐፉ ርእስ ፈልጊ። «እሳት ወይ አበባ» ብትዪ ቶሎ ይመጣል። ሲመጣ የኅትመት ዘመኑን ልብ በዪ። መጽሐፉ የወጣው በ1966 ዓ.ም. ነው። መዝጋቢው በፈረንጅ ዘመን ለውጦት ከሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ጨምሮ ታገኚዋለሽ። አንድ መጽሐፍ ሁለት ኅትመት መስሎሽ በጽሑፍሽ ላይ እንዳትሳሳቺ።

በፈረንጅ ደንብ የተመዘገበ ከሆነም የአባት ስም ይቀድማል። የገብረ ክርስቶስ ደስታን መጽሐፍ «ደስታ፣ ገብረ ክርስቶስ» በሚል አግኝቼዋለሁ። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው። እንግዲህ በሁለቱም ፈልጊ።

ይህ ሁሉ ካደከመሽ (ያደክማል) ኮምፒውተሩን ተዪውና ወደ መደርደሪያው ሂጂ።

መጻሕፍትን በየዘርፋቸው በቁጥር የሚለየውን የዲዊን አመዳደብ የሚከተል ቤተ መጻሕፍት ከሆነ ሥነ ጽሑፍ 800 ላይ ነው። የአማርኛው 892.87 አካባቢ ይገኛል፣ የግእዙ 892.81። ከዚያ ቀጥላ የምትመጣው ቁጥር ዓይነቱን ትነግርሻለች። 1 ግጥም፣ 2 ተውኔት፣ 3 ልብ ወለድ። የእንግሊዝ ግጥም 821፣ የአሜሪካ 811 ነው። ስለ ግጥም አጻጻፍ የሚያስተምሩት 808.1 ላይ ናቸው። ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና የሕዝብ ተረት ግን ከሥነ ጽሑፍ ተነጥለው 398 ላይ ተቀምጠዋል። ለአንቺ ይህ ዋና ነው። መንዝ ላይ የምትሰሚው ግጥም ብዙው ወደዚያ ያደላል። ቅኔ ደግሞ ሁለት ቤት አለው። አንዳንዱ ከግእዝ ሥነ ጽሑፍ ጋር ይቀመጣል። ሌላው ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ጋር 281 አካባቢ ይገባል።

ብዙ ኮሌጆች ግን 892.8 ላይ ያቆማሉ። ልብ ወለዱም ግጥሙም ተውኔቱም አንድ ላይ ይታጨቃል። እዚህ ላይ አንድ የሙያ ምስጢር ልንገርሽ። ቀጫጭኖቹን ፈልጊ። የአማርኛ የግጥም መጽሐፍ አብዛኛው ሳሳ ያለ ነው። ጀርባው የጥሪ ቁጥር (የመደርደሪያ ቦታውን የሚናገረው) እንኳ አይለጠፍበትም። በወፋፍራም ልብ ወለዶች መሀል ይሰወራል፣ ወይም ወደ ኋላ ይሾልክና ከመደርደሪያው ጀርባ ይወድቃል። እኔ ቆጠራ ባደረግን ቁጥር ከመደርደሪያ ኋላ የማወጣው ግጥም ነው። ሌላ መጽሐፍ እንዲህ አይወድቅም።

አሁን ደግሞ ሰው የማይጠረጥረው ቦታ። የአማርኛ ግጥም የኖረው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጋዜጣና መጽሔት ላይም ኖሯል። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ እየታተመ ነው። የንጉሡ ዘመን መነን መጽሔት፣ የደርጉ ዘመን የካቲት መጽሔት ግጥም ያወጡ ነበር። ኮሌጅሽ ያረጀ ከሆነ የተጠረዙ ቅጾች መጋዘን ውስጥ አይጠፉም። ካታሎግ (የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ) ላይ ግን «መጽሔት» ከሚል በቀር ምንም አይልም። ውስጡ ያለውን ግጥም ማንም አልመዘገበውም። ቁልፉ ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠይቂ። በጨዋ ቋንቋ፣ ከምሳ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ሂጂ የምልሽ ወደ መመረቂያ ጽሑፎቹ ነው። ያው እንደ አንቺ ተመራቂ የነበሩ ልጆች የጻፉት። ሰው ትንታኔውን አንብቦ ይመልሰዋል። ብዙውን ጊዜ ትንታኔው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የተገለበጠ ነው። አንቺ መጨረሻውን ክፈቺ። አባሪውን። እዚያ ልጁ ለገና ወይም ለፋሲካ እረፍት አገር ቤት ሄዶ ከአያቱ የሰበሰበው ሙሾ አለ። የአውድማ ዘፈን፣ ቀረርቶ፣ የሠርግ ግጥም፣ የወፍጮ እንጉርጉሮ። ከመራቤቴ፣ ከሞጃ፣ ከጅሩ፣ ከይፋት፣ ከአንኮበር። እኔ እስካየሁት ድረስ የሰሜን ሸዋ የቃል ግጥም በጅምላ የተቀመጠበት ቦታ ቢኖር ይህ አባሪ ነው። መጽሐፍ ሆኖ አልታተመም። ካታሎግም አያውቀውም። ከቤተ መጻሕፍቱም አይወጣም፣ እዚያው ተቀምጠሽ ነው የምታነቢው።

በሶፍት ኮፒ ያለውን ስትፈልጊ ግን አንድ ነገር እወቂ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ ሰው ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ በሚባሉ የመጻፊያ ፕሮግራሞች ነበር የሚጽፈው። ያ ፋይል ሲታይ አማርኛ ነው። ስትፈልጊበት ግን ለማሽኑ ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። «አልተገኘም» ካለሽ አትመኚው። ገጹን በዓይንሽ ግለጪ።

መዝገበ ቃላትም ያስፈልግሻል። የድሮ ግጥም ያለ መዝገበ ቃላት አይገፋም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ተማሪ ይወስዳቸውና ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ቃሉ የለም» ብሎ ይመልስልኛል። አለ! ሁለቱም የተደረደሩት በሀለሐመ አይደለም፣ በአበገደ ነው። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ ይሄዳል። «ለ»ን መጀመሪያ አካባቢ የፈለገ ሰው አያገኛትም። መሀል ላይ ናት። ቅደም ተከተሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ዕልባት አድርጊው። እኔ ራሴ ሽፋኑ ውስጥ ለጥፌዋለሁ።

ስለ ግጥም ምትና ስለ ቤት አመታት ንድፈ ሐሳብ ከፈለግሽ የብርሃኑ ገበየሁን «የአማርኛ ሥነ ግጥም» ያዢ። በ1999 ዓ.ም. የታተመ ነው። መምህሮችሽ ሪዘርቭ ላይ አስይዘውት ይሆናል። ሪዘርቭ ማለት ለሰዓት እንጂ ለቀን የማይዋስ ማለት ነው። ጠዋት ድረሺ።

ወደ እናትሽ ግጥም እንምጣ። ያ ላይብረሪያን «የደራሲውን ስም አምጪ» ያለሽ ክፉ ሆኖ አይደለም። ካታሎግ የሚያውቀው መጽሐፍን ነው። ግጥምን አያውቅም። አንድ መድብል ውስጥ 60 ግጥም ቢኖር፣ ለካታሎጉ አንድ ነገር ነው። 60ዎቹ ድምፃቸው አይሰማም።

ፈረንጆቹ ይህ ችግር ገብቷቸዋል። ኢዲት ግሬንጀር የምትባል አሜሪካዊት አዘጋጅ በ1904 እ.ኤ.አ. አንድ ማውጫ አወጣች። ግጥሙን በርእሱ፣ በገጣሚው ወይም በመጀመሪያ ስንኙ ፈልገሽ በየትኛው መድብል እንደሚገኝ ይነግርሻል። ከመቶ ዓመት በላይ እየታደሰ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ደርሷል። እዚያ አገር «የመጀመሪያዋን ስንኝ ብቻ ነው የማውቀው» ያለ ተማሪ መልስ አግኝቶ ይሄዳል።

እኛ አገር ኮሌጆች ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተዘጋጅቶ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ክበባችሁ «ላይብረሪ ምን ያደርግልናል» ብሎ ሲጠይቅ እኔ ጥያቄውን ትንሽ ላዙረው። ይህንን ማውጫ አብራችሁ ሥሩት። ገንዘብ አይፈልግም። ደብተር ይበቃል፣ ኮምፒውተር ካለ ኤክሴል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ግጥም አንድ መስመር። የመጀመሪያ ስንኙ፣ ርእሱ፣ ገጣሚው፣ መጽሐፉ፣ ገጹ፣ የጥሪ ቁጥሩ። እኔ በልምድ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ቤት መድፊያ ቃል። ሰው ግጥም ሲረሳ መጀመሪያ የሚረሳው መሀሉን ነው። ቤት የምትደፋዋ ቃል ግን ጆሮ ላይ ትቀራለች። «መጨረሻዋ ‹ማረፊያ› ትላለች» ብሎ የመጣ ስንቱን አግኝቼለታለሁ!

ፊደሉን ነገር አደራ። ስንኙን ሁለት ጊዜ ጻፉት። በአንዱ ዓምድ ገጣሚው እንደጻፈው፣ አንዲት ነጥብ ሳትነኩ። በሌላው ዓምድ ለመፈለጊያ ብቻ፣ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለውጡ። ፈላጊውም እንዲሁ ለውጦ ይፈልግ። ያ ቅድም ያልኩሽ የ18 አጻጻፍ መከራ አብዛኛው በዚህ ይቀላል።

አንድ ግጥም ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፣ 60 ግጥም ያለው መድብል በሁለት ሰዓት ያልቃል። አሥር ልጆች ሦስት ሦስት መጽሐፍ ብትካፈሉ 1,800 ግጥም ነው። በአንድ ሴሚስተር! ላይብረሪያናችሁ ደግሞ ይህን ካየ አብሯችሁ ይሠራል። ካልሠራ እኔ ሙያውን አላውቀውም ማለት ነው።

እናትሽ የምትላት ግጥም ግን ደራሲ የሌላት ልትሆን ትችላለች። የቃል ግጥም። እንደዚያ ከሆነ ከመጽሐፍ አትፈልጊያት። ከእናትሽ አፍ ውሰጃት። ስልክሽን አውጪ፣ ፈቃድ ጠይቂ፣ ቅጂ። ማን እንዳለችው፣ የት ቀበሌ፣ መቼ፣ በምን አጋጣሚ እንደምትባል ጻፊ። እነዚህ አራቱ ከሌሉ ቅጂው ከሦስት ዓመት በኋላ ለማንም አይረባም። ስልክ ይጠፋል፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። አንዱን ለቤተ መጻሕፍቱ።

ሙሾ ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ። ከለቅሶ ውጭ «እስቲ ሙሾ አውርጂልኝ» የሚባል ነገር የለም። አንድ ተማሪዬ አክስቷን ጠይቃ «ማንን ልትቀብሪ ነው?» ተብላ ተባርራለች። ሟርት ነው። ይልቅ ያለፈን ለቅሶ አንስተሽ፣ «ያኔ እንትና ሲሞት እንትና ምን ብላ ነበር?» ብትዪ በትረካ መልክ ይወጣል። የአውድማውን ዘፈን ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እዚያው አውድማው ላይ ሆነሽ ብትቀጂ ይሻላል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ገበሬ በሬ የለውም፣ ዜማውም ይጠፋበታል።

ደግሞ አገርሽን ቀለል አድርገሽ አትዪ። ከበደ ሚካኤል የመንዝ ልጅ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመራቤቴ ሰው ናቸው። ኅሩይን ብዙ ሰው በሚኒስትርነታቸው ያውቃቸዋል። እኔ የማከብራቸው በሌላ ነው። በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ቆጥረው ዝርዝራቸውን አሳተሙ። ካታሎግ ማለት ነው! የቀደሙ ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበውም በመጽሐፍ አውጥተዋል። በሰሜን ሸዋ ያለ ኮሌጅ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች አንዲት መደርደሪያ ለይቶ «የአገራችን ገጣሚዎች» ብሎ ቢጽፍባት ምን ይጎድልበታል? ክበባችሁ ይጠይቅ። እንቢ የሚል አይመስለኝም። ምናልባት እንጨት የለም ይሏችሁ ይሆናል።

አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው ወይ ብለሻል። መጨረሻ ላይ፣ አዎ። መጀመሪያ ላይ ግን አይደለም። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። ግን ባዶ እጅሽን ብትሄጂ ግማሹ ቀን በር ላይ ያልቃል። ከኮሌጅሽ የትብብር ደብዳቤ ያዢ። መታወቂያ ያዢ። የምትፈልጊውን መጽሐፍ ዝርዝር አስቀድመሽ ጻፊ። ሁለት ቦታ ይበቃሻል። አንደኛው ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። ሁለተኛው ወመዘክር፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት። ከኮሌጅሽ ያጣሽው ቀጭን መድብል እዚያ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ግን ውሰት የለም፣ እዚያው ማንበብ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ለማየት ግን መሄድም አያስፈልግም። በኢንተርኔት ማከማቻው ላይ ብዙዎቹ በነፃ ይነበባሉ። የኮሌጁ ዋይፋይ ማታ ይፈጥናል፣ በዚያን ጊዜ አውርጂ።

ቅኔ ላይ ልትሠሪ ካሰብሽ ደግሞ አንድ ሌላ በር አለ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ከሸዋ አድባራትና ገዳማት የተነሡት ብዙ ናቸው። ሥራው ሚኒሶታ፣ አሜሪካ ካለው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር የተሠራ ነው። ዛሬ ብዙው በድረ ገጹ ላይ በነፃ ተመዝግቦ ይነበባል። አስቢው። አያትሽ የሚያስቀድሱበት ደብር መጽሐፍ እዚያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እኛ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ደብረ ብርሃን ላይ እናነበዋለን።

ስለ ፎቶ ኮፒ ባጭሩ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት ሥራው የሚጠበቀው ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። አንዲት ግጥም ለጥናትሽ ኮፒ ማድረግ ሌላ ነው፣ መድብሉን ሙሉ ማባዛት ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ስካን የተደረጉ የግጥም መጻሕፍት አብዛኛው ያለ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። በዚያ ላይ ገጽ የጎደለባቸው፣ የኅትመት ዘመናቸው የተቆረጠ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ምንጭ ብለሽ እንዳትጠቅሺ። አማካሪሽ የኅትመት ገጹን ሲጠይቅሽ መልስ የለሽም። ገጣሚው በሕይወት ካለ ደግሞ ያቺን ቀጭን መጽሐፍ ያሳተመው ብዙ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ነው።

ለክበቡ ከቤተ መጻሕፍት ምን መጠየቅ ይቻላል? ክፍል ጠይቁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። መግቢያው ላይ አንዲት ጠረጴዛ ጠይቁ። በየሳምንቱ አምስት የግጥም መጽሐፍ ፊቱን አዙሮ ማሳያ። ከጀርባው ይልቅ ሽፋኑ የሚታይ መጽሐፍ በደንብ ይዋሳል፣ ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የዓለም የግጥም ቀን ማርች 21 ነው፣ በእኛ መጋቢት 12። ያንን ቀን ያዙ። ያን ጊዜ አየሩም ትንሽ ይሞቃል። በጥቅምት ብታደርጉት ግን ማንም ከብርድ ልብሱ አይወጣላችሁም።

ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ የግዢ ጥያቄ ነው። የግጥም መጽሐፍ በኮሌጆች የማይገዛው ጠያቂ ስለሌለው ነው። መምህራን የሚጠይቁት ማስተማሪያ መጽሐፍ ነው፣ ግጥም በማንም ዝርዝር ላይ አይወጣም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጥያቄ የሚሰበሰበው ከዚያ በፊት ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የ20 መጽሐፍ ዝርዝር አዘጋጁ። ርእስ፣ ደራሲ፣ ዋጋ፣ የሚገኝበት መደብር ይኑረው። የክበቡን አባላት ስም አስፈርማችሁ ስጡ። «ጥሩ ጥሩ ግጥም ይገዛልን» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ዋጋ የተጻፈበት ዝርዝር ግን ግዢ ክፍል ይደርሳል።

የእናትሽን ግጥም የመጀመሪያ ሁለት ስንኞች ላኪልኝ። የእኔም ደብተር ትንሽ ሄዷል፣ እፈልግልሻለሁ። እናትሽ እንደምትላት አድርገሽ ጻፊያት። አታርሚያት።